«ይህን ያየው ማነው?»

ከአንዲት የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ አጭር ጥያቄ ነው። ጥያቄው የቀረበው ለእኔ ነበር፤ የክፍል ጓደኞቼ በሙሉ ተቀምጠው እያዩኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ያ ዝምታ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይሞቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር የተርም ፔፐር ርዕስ ምረጡ ስንባል እኔ «በዘመነ ኃይለ ሥላሴ መረጃ ወደ ቤተ መንግሥት እንዴት ይደርስ ነበር?» የሚል መረጥኩ። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ከዚህ የተሻለ ርዕስ ከየት ይመጣል? ላይብረሪ ገባሁና አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ጸሐፊው ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ነው፤ የመጽሐፉ ስም በአማርኛ «ንጉሠ ነገሥቱ» እንደ ማለት ነው። በፖላንድ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን እንግሊዝኛው ትርጉም በ1983 ወጣ። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ልብ ወለድ እንኳ እንደዚያ አልያዘኝም።

በመጽሐፉ ውስጥ የቀድሞ የቤተ መንግሥት ሰዎች ተራ በተራ እየመጡ ያወራሉ። አንዱ ሉሉ ስለሚባለው የጃንሆይ ውሻ ይናገራል፤ ውሻው የመኳንንቱ ጫማ ላይ ሲሸና እሱ በሐር ጨርቅ እየጠረገ ዐሥር ዓመት እንደኖረ ይተርካል። ሌላው ደግሞ ጃንሆይ ንባብ የሚባል ነገር እንዳልነበራቸው፣ ሁሉም ጉዳይ በጆሮ ብቻ ይነገራቸው እንደነበር ይገልጻል። እኔም ይህንኑ ይዤ «በዚያ ዘመን የጽሑፍ መረጃ በቤተ መንግሥት ዋጋ አልነበረውም» የሚል ትልቅ መደምደሚያ ጻፍኩ። የገጹን ቁጥር በቅንፍ አስገባሁ። ሪፈረንሱን በሥርዓቱ ደረደርኩ። «ኤ» እንደማገኝ አልተጠራጠርኩም።

ፕሬዘንቴሽኑን እንደጨረስኩ መምህራችን መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ጥሩ ነው። ግን ይህን ያየው ማነው?» አሉኝ።

«መጽሐፉ ላይ አለ» አልኩ።

«መጽሐፍ ዓይን የለውም። ያየው ሰው ማነው?»

ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። ተናጋሪው የተጠቀሰው በላቲን ፊደላት ብቻ ነው። ስም የለም። ማዕረግ የለም። የት ቢሮ እንደሠራ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ አይታወቅም። ዝም አልኩ። መምህራችን አልቆጡኝም፤ «እስቲ ፈልጊና በሚቀጥለው ሳምንት ንገሪን» ብለው ወደ ሌላው ተማሪ አለፉ። ብትቆጣኝ ይሻለኛል የሚባለው ዓይነት ነበር።

ለምን አመንኩት?

ዶርም ገብቼ ሳስበው፣ ያንን መጽሐፍ ያመንኩበት ምክንያት ከይዘቱ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። አንደኛ፣ መጽሐፍ ነው፤ ተጠርዟል፣ ላይብረሪ ውስጥ ቁጥር ተለጥፎበት ቆሟል። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው የውጭ አገር ሰው ነው፤ እውነቱን እንናገር ካልን የፈረንጅ ስም ያለበት ሪፈረንስ ለፔፐራችን ግርማ ሞገስ ይሰጠዋል ብለን የምናምን ብዙ ነን። ሦስተኛ፣ ጋዜጠኛ ነው፤ የወደፊት የሙያ ባልደረባዬ! አራተኛ፣ ጥሩ አድርጎ ይጽፋል። ከነዚህ ከአራቱ አንዱ እንኳ «ነገሩ እውነት ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

እኛ ተማሪዎች ዘንድ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ከመጽሐፍ ከወሰድክ ንጹሕ ነህ፤ ከኢንተርኔት ከወሰድክ ኃጢአተኛ ነህ። መምህሮቻችንም «ከኢንተርኔት እንዳትወስዱ፣ ቢያንስ ዐሥር መጽሐፍ ጥቀሱ» ሲሉን ይህንኑ ሕግ ያጸኑልናል። እኔ ሕጉን አክብሬ ነው የወደቅሁት።

ሳምንቱን ሙሉ ስፈልግ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ጆን ራይል የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ የካፑሽቺንስኪን የአፍሪካ ሥራዎች በሰፊው ተችቶ ነበር፤ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉትን ጭምር። ጋዜጠኛው በ2007 ከሞተ በኋላ፣ በ2010 የራሱ አገር ሰው አርቱር ዶሞስዋቭስኪ የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም፣ በሰውየው ሥራ ውስጥ እውነትና ፈጠራ የሚለያዩበት ድንበር የት ነው የሚለው ክርክር ፖላንድን አናወጠ። መጽሐፉ ስለ ኃይለ ሥላሴ ይምሰል እንጂ ሳንሱር በነበረበት ዘመን ስለ ፖላንድ የኮሚኒስት መሪዎች የተጻፈ ምሳሌ ነው ብለው የሚያነቡትም ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ፖላንዶች ስለ ራሳቸው ቤት የተጻፈ ሰም ለበስ ነገር አድርገው ያነበቡትን እኔ የራሴ አገር ታሪክ ማስረጃ አድርጌ አቀረብኩት!

«አያነቡም ነበር» ስለተባሉት ንጉሥ ደግሞ ሌላ መዝገብ ምን ይላል? ጃንሆይ በልጅነታቸው ፈረንሳይኛ ተምረዋል፤ አዲስ አበባ በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ በማተሚያ ቤታቸው «ብርሃንና ሰላም» የተባለው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም መታተም ጀመረ። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን የሕይወት ታሪካቸውን ለትውልድ ትተዋል፤ የመጀመሪያው ክፍል በኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝኛ ታትሟል። «ጽሕፈት ሚኒስቴር» የሚባል፣ ስሙ ራሱ ሥራውን የሚናገር መሥሪያ ቤት ነበራቸው። ነጋሪት ጋዜጣም ከ1934 ዓ.ም ጀምሮ ሕግና አዋጅ ያትም ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ «ጃንሆይ የቀረበላቸውን ወረቀት ሁሉ ያነቡ ነበር» አያሰኝም። ወሬ አቀባዮች በቃል ይነግሯቸው አልነበረም ማለትም አይደለም። ነገር ግን «የጽሑፍ መረጃ ዋጋ አልነበረውም» የሚለውን የእኔን ድፍን መደምደሚያ ያፈርሰዋል። አንድ ሰው በፊደል ተሸፍኖ የተናገረውን ይዤ የአንድ መንግሥት አሠራር እንዲህ ነበር ብዬ ፈርጄ ነበርና።

ሰፈራችን የነበረው ምንጭ

ቅዳሜ ቤት ስሄድ ለእማዬ ነገሩን አጫወትኳት። ስቃ «አንቺ ልጅ፣ ፖላንድ ድረስ ከምትሄጂ አጥር ዘለል ብለሽ አባባን አትጠይቂም?» አለችኝ። ጎረቤታችን የሆኑት አባባ (ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ እተወዋለሁ) ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ከ1955 ዓ.ም ጀምሮ እስከ ለውጡ ድረስ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ በአንድ ቢሮ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ እንደነበሩ ሰፈሩ ያውቃል። እኔ ግን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ከመስጠት አልፌ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ፔፐሬን አነበብኩላቸው። በጥሞና አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ይህን ማን ነገረሽ?» አሉ።

እንደገና ያው ጥያቄ! መምህሩና አባባ ተመካክረው የመጡብኝ ነው የመሰለኝ።

«ወረቀት ዋጋ ካልነበረው እኔ ስንት ሌሊት አምሽቼ የተየብኩት ለማን ነው?» አሉ። «ወረቀት ይገባል፣ ወረቀት ይወጣል። አንድ ፊደል ከተሳሳትኩ ገጹን በሙሉ እንደገና ነበር የምመታው።»

ደስ አለኝ። ድል የቀናኝ መሰለኝ። «ስለዚህ ጃንሆይ ያነቡት ነበር ማለት ነው?» አልኳቸው።

አባባ ትንሽ ዝም ብለው፣ «እሱን አላየሁም። እኔ ከበሩ ወዲህ ነበርኩ» አሉ።

«ጫማ የሚጠርገውንስ ሰውዬ?»

«ውሻውን አውቃለሁ። ሰውዬውን አላየሁም። አልነበረም ብዬ ግን አልምልልሽም።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚህ ዩኒቨርሲቲ በሁለት ዓመት ስለ ምንጭ የተማርኩትን ሁሉ «ከበሩ ወዲህ ነበርኩ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ትበልጥብኛለች። አንድ ምንጭ ያየውንና ያላየውን ለይቶ ሲነግርህ፣ ያየሁት ነው ያለውን ለማመን ምክንያት ይሰጥሃል። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ምንጭ ግን ያየው የትኛው እንደሆነ እንኳ እንዳታውቅ ያደርግሃል።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አላለቀም። ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ አባባ ወደ ታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ገቡ። ጃንሆይ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ያስነሱትን ማለታቸው ነው። ተኩሱን፣ በኮሪደሩ የሚሯሯጠውን ሰው፣ ሁሉን እንደ ፊልም ተረኩልኝ። እኔም ማስታወሻዬን እየጻፍኩ በመሐል እጄ ቆመ። ሥራ የጀመሩት በ1955 አይደል? ታዲያ በ1953 በዚያ ኮሪደር ምን ያደርጉ ነበር?

እየፈራሁ ጠየቅኳቸው። አባባ ሳቁ። «አይ፣ እሱንማ አለቃዬ ናቸው የነገሩኝ። ስንት ዓመት ሲያወሩት ሰምቼ የራሴ መስሎኝ ነው» አሉ።

አባባ አልዋሹኝም። የሰሙትና ያዩት አብሮ ሲኖር ተዋህዶባቸው ነው። ከዚህም በላይ አባባ ጃንሆይን የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ሳሎናቸው ውስጥ ዛሬም ፎቷቸው ተሰቅሏል። ስለዚህ ፖላንዳዊው ጸሐፊ ንጉሡን ለማሳነስ ፍላጎት ሊኖረው እንደሚችል ከጠረጠርኩ፣ አባባም ለማክበር ፍላጎት እንዳላቸው መጠርጠር አለብኝ። የጃንሆይ የራሳቸው የሕይወት ታሪክም ቢሆን ንጉሡ ስለ ራሳቸው እንዲነገር የፈለጉትን ነው የሚነግረን። የሚወዱትን ምንጭ መመርመር ከሁሉም ይከብዳል። ጥርጣሬ የጥላቻ ምልክት ቢሆን ኖሮ የአባባን ቡና ጠጥቼ ያንን ጥያቄ ባልጠየቅኳቸው ነበር።

ዕቃውን ትተን እህሉን እንይ

አሁን ወደ ዋናው አስተያየቴ ልግባ። ምንጭን የምንመዝነው በተቀመጠበት ዕቃ መሆኑ መቅረት አለበት እላለሁ። መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ ድረ ገጽ፣ የሽማግሌ ቃል፣ ሁሉም ዕቃ ነው። በወርቅ ሳህን ድንጋይ፣ በቅል እህል ሊቀርብ ይችላል።

ለዚህ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚሆን አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ፈረንሳዊው የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ሞሪስ ዣር ሞተ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን ይማር የነበረ ሼን ፊትዝጀራልድ የተባለ ተማሪ ወዲያው ዊኪፔዲያ ላይ ገብቶ፣ ዣር ያልተናገረውን ስለ ሙዚቃና ስለ ሞት የሚያወሳ ውብ አባባል ፈጥሮ አስገባ። ጋዜጠኞች ሳያጣሩ ይወስዱት እንደሆነ ለመፈተን ነበር። የዊኪፔዲያ ፈቃደኛ አራሚዎች አባባሉ ምንጭ የለውም ብለው ደጋግመው ሰረዙት። ታላላቆቹ ጋዜጦች ግን፣ የእንግሊዙ ጋርዲያን ሳይቀር፣ በሐዘን ዜናቸው ላይ አተሙት። ከአንድ ወር በላይ ጠብቆ ልጁ ራሱ እስኪነግራቸው ድረስ ማንም አላወቀም። ጋርዲያን ስሕተቱን አምኖ በግልጽ አስተካከለ።

አያችሁ፣ እኛ የምንንቀው ዕቃ «ይህን ማን አለ?» ብሎ ጠየቀ፤ የምናከብረው ዕቃ ሳይጠይቅ ዋጠ። ይህን የምለው ዊኪፔዲያን ጥቀሱ ለማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 የሳይንስ ርዕሶችን ከዊኪፔዲያና ከብሪታኒካ ወስዶ በባለሙያ ሲያስመረምር፣ በአማካይ በዊኪፔዲያው አራት፣ በብሪታኒካው ሦስት ያህል ስሕተት ተገኝቷል። ብሪታኒካ በጥናቱ አሠራር ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ማቅረቡም ይታወቃል። ለእኔ ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር፣ ከሁለቱም ዘንድ ስሕተት መገኘቱ ነው። ስለዚህ ዊኪፔዲያን ያነበበ ተማሪ ከግርጌ የተደረደሩትን ምንጮች ተከትሎ ይሂድ፤ ብሪታኒካን ያነበበም እንደዚያው።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። ላይብረሪ ከተቀመጡ የቀድሞ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች መገልበጥ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። አንዱ ከአንዱ፣ ያም ከሌላው። አንድ ጊዜ ሦስት ጽሑፎችን ከፍቼ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። «ሦስት ምንጭ ተስማማ!» ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ለካ ሁለተኛው ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው የገለበጡት ነው። ሦስት ሰው አንድን ወሬ ስለተቀባበለው ሦስት ምስክር አይሆንም። አበው «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ያሉት ለእኛ ለተርም ፔፐር ጸሐፊዎች ነው የሚመስለኝ።

ከሦስቱ በአንደኛው ላይ ያገኘሁትን ስሕተት ልጨምር፤ ለሁላችንም የሚጠቅም ነውና። ጸሐፊው ደርግ ጃንሆይን ከሥልጣን ያወረደበትን ቀን ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወስዶ 1974 ላይ 8 ቀንሶ «1966 ዓ.ም» ብሎ ጽፏል። ትክክለኛው ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ነው። በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 ሲሆን እኛ ዘንድ አዲሱ ዓመት ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ከመስከረም አንስቶ እስከ እነሱ ዘመን መለወጫ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም፣ በእነሱ ማርች 1 ቀን 1896 መሆኑን ብታዩ 8 ይመጣላችኋል። ይህች ትንሽ ሒሳብ ናት። ነገር ግን እኛ አገር ዓመተ ምሕረት ሲጠቀስ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የማይገልጽ ምንጭ፣ ሌላውንም ነገር በጥንቃቄ እንዳልያዘ መጠርጠር ይገባል።

የዘመኑን ነገርማ ሳላነሳ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። አሁን ብዙዎቻችን ጥያቄያችንን ይዘን የምንሮጠው ወደ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ነው። እኔም እሮጣለሁ፤ አልዋሽም። ሪፈረንስ ስጠኝ ሲሉት ደራሲ፣ ዓመተ ምሕረት፣ የገጽ ቁጥር ሳይቀር አሳምሮ ይሰጣል። አንዳንዴ ግን መጽሐፉ ከነጭራሹ የለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒውዮርክ ጠበቆች ይኸው መሣሪያ ፈጥሮ የሰጣቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የሕግ ባለሙያ እዚያ ከወደቀ እኛ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የምንጽፈው ምን እንሆናለን? «ይህን ያየው ማነው?» ብለን ስንጠይቀው መልስ የሌለው ምንጭ ነውና፣ የሰጠንን መጽሐፍ በእጃችን ይዘን ገጹን ገልጠን እስካላየን ድረስ ወሬ ነው።

«ጊዜ የለንም» ለሚሉ

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሳወራ «አንቺ ደግሞ! በአንድ ሳምንት አራት አሳይንመንት፣ ሁለት ፈተና አለብን፤ ላይብረሪው ውስጥ ያለው መጽሐፍ አንድ ኮፒ ነው፤ ኢንተርኔቱ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይጠፋል። ማን ነው ይህን ሁሉ የሚመረምረው?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ችግሩን እኔም እኖረዋለሁ።

ሆኖም ሁሉን ነገር መመርመር አያስፈልግም። የአንድ ፔፐር መደምደሚያ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በሁለት ወይም በሦስት ምሰሶ ላይ ነው። እኔ ከተዋረድኩ በኋላ የማደርገው፣ እነዚያን ምሰሶዎች ለይቼ በእያንዳንዱ ላይ አራት ጥያቄ ማንሳት ነው። ነገሩን ያየው ወይም የለካው ማነው? የት ቆሞ ነው ያየው፣ ከበሩ ወዲህ ወይስ ወዲያ? ይህን በመናገሩ የሚያገኘው ወይም የሚያጣው ነገር ምንድነው? ከእሱ ያልሰማ ሌላ ሰው ያንኑ ይላል ወይ? ለአራቱ መልስ ለማግኘት ግማሽ ቀን ይበቃል። መልስ ከጠፋም ምንጩን መጣል ግዴታ አይደለም፤ «እገሌ እንዲህ ይላል፣ ነገር ግን ማን እንደነገረው አይገልጽም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ይህች አንዲት ሐረግ እኔን ከዚያ ሁሉ እፍረት ታድነኝ ነበር።

ለካፑሽቺንስኪም ቢሆን ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። ሰዎቹን አነጋገርኩ የሚለው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ በነበረው አስፈሪ ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት የቤተ መንግሥት ሰው ስሙ ቢጠቀስ ምን ሊደርስበት እንደሚችል የምናውቀው ነው። ስም መደበቁ ሰብአዊ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። እኔም እኮ የአባባን ስም ደብቄያለሁ! ነገር ግን አንባቢዬ አባባ በምን ሥራ ላይ እንደነበሩ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ማየት ይችሉ እንደነበርና ምን እንዳልቻሉ ያውቃል። ለመምህሬም ስማቸውን ለብቻቸው ነግሬያቸዋለሁ። ስም መደበቅ ካስፈለገ የቀረውን ሁሉ መግለጥ ይገባል። ወደፊት ዜና ስንሠራም «ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ ምንጭ» ብለን የምንጽፍበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን የምንሳሳተው ስሕተት በውጤት መስጫ ወረቀት ላይ ተጽፎ አይቀርም፤ የአንድን ሰው ስም፣ እንጀራ፣ ምናልባትም ሕይወት ይነካል። ልምምዱ አሁን፣ በፔፐር ላይ ካልተጀመረ መቼ ሊጀመር ነው?

ለመምህሮቻችን

በመጨረሻ በትሕትና ለመምህሮቻችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። «ከኢንተርኔት አትውሰዱ» እና «ቢያንስ ዐሥር ሪፈረንስ» የሚሉት መመሪያዎች በቅን ልቦና የወጡ ናቸው። ውጤታቸው ግን እኛን የማያነቡትን መጽሐፍ የሚጠቅሱ ተማሪዎች አድርጎናል። ዐሥሩን ለመሙላት ስንል ከሌላ ሰው ሪፈረንስ ላይ ገልብጠን የምንደረድር ስንቶቻችን ነን? እጅ አውጡ ብባል የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።

በምትኩ በእያንዳንዱ ተርም ፔፐር መጨረሻ አንድ ግማሽ ገጽ ይጨመር። ተማሪው ከምንጮቹ ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ሁለት ወይም ሦስት መርጦ ለምን እንዳመናቸው፣ የት ላይ እንደሚጠራጠራቸው በራሱ ቃል ይጻፍ። ከሃያው ማርክ አምስቱ ለዚህ ይሁን። ይህን ግማሽ ገጽ ከጓደኛ መገልበጥ ይከብዳል፤ ምንጩን ሳያነቡ መጻፍም አይቻልም። መምህራንም ዐሥር መጽሐፍ ከመቁጠር ይገላገላሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ገብቼ መልሴን ተናገርኩ። «ያየውን ሰው አላገኘሁትም። ግማሹን መንገድ ያዩ ሰው ግን አግኝቻለሁ» አልኩና የአባባን ነገር፣ የ1953ቱን ጭምር፣ ሳልደብቅ አወራሁ። መምህራችን መነጽራቸውን አደረጉና «እንግዲህ አሁን ጀመርሽ» አሉኝ። ያገኘሁት «ቢ» ነው። የመጀመሪያው ፔፐር ላይ የተሰጠ ስለሆነ ቅር አላለኝም።

አዲሱን ጽሑፍ ቅዳሜ ለአባባ አነበብኩላቸው። «ከበሩ ወዲህ» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብለው፣ «እሱንም ጻፍሽው?» አሉ።

«ጻፍኩት አባባ።»

«ደግ አደረግሽ» አሉና ቡናው እንዲደገም አዘዙ።

ቸር ያሰንብተን።